ዘናጭ መኪናና የደንበኛ አመኔታ፦ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የአንድ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም በማይርቅ ቦታ ላይ መኖሪያ ሕንፃ ሲያስገነቡ የነበሩ የአንድ የቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት፣ ግንባታውን እንዲቆጣጠርላቸው ከቀጠሩት መሐንዲስ ጋር በ2017 የገቡበትን አለመተማመን ነው። የክፍያ ሰነዶቹንና የሥራ ልኬቱን በገለልተኝነት እንድመረምር ማኅበሩም መሐንዲሱም ተስማምተው ስለጠሩኝ ሁለቱን ወገኖች፣ ተቋራጩንና የሳይት ሠራተኞችን ለማነጋገር ዕድል አግኝቻለሁ። ጉዳዩ እንዲጻፍ የፈቀዱት ስማቸውና ማንነታቸውን የሚገልጽ ዝርዝር እንዲቀር ስለሆነ ያንን አክብሬያለሁ።

የአለመተማመኑ መነሻ የተሰነጠቀ ግድግዳ ወይም የጎደለ ገንዘብ አልነበረም። መሐንዲሱ አሮጌ መኪናውን ሸጦ አዲስ መኪና ይዞ ወደ ሳይት መምጣቱ ነበር። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ግንባታው ለሳምንታት እንዲጓተት፣ አንድ ባለሙያም በብዙ ዓመት ያፈራው ስም አደጋ ላይ እንዲወድቅ ያደረገ ስለሆነ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የሥራው አወቃቀር

ማኅበሩ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ለማስገንባት ከአንድ ተቋራጭ ጋር ተዋውሏል። አባላቱ ገንዘቡን ያጠራቀሙት ከደመወዝ፣ ከዕቁብ፣ ከጡረታ አበልና ውጭ አገር ካሉ ዘመዶች ከሚላክላቸው ነው። አብዛኞቹ ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግበው ዕጣ ሲጠብቁ ኖረው በመጨረሻ ወደዚህ የመጡ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው በ1997ቱ ምዝገባ ስማቸውን ያስመዘገቡም አሉ። ይህን ሳያውቁ የአባላቱን ስሜት መረዳት አይቻልም፤ ሃያ ዓመት ያህል ቤት የጠበቀ ሰው በዚህ ገንዘብ ላይ የሚመጣን ማንኛውንም አጠራጣሪ ነገር በዝምታ ያልፋል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

የክፍያው አሠራር በአገራችን ግንባታ የተለመደው ነው። ተቋራጩ የተወሰነ ሥራ ሲጨርስ የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል፤ መሐንዲሱ ሳይት ላይ ለክቶ፣ ከሥራ ዝርዝሩና ከነጠላ ዋጋው ጋር አመሳክሮ፣ የሚከፈለውን መጠን በክፍያ ሰርተፍኬት ላይ ያረጋግጣል፤ ኮሚቴው በዚያ ፊርማ መሠረት ገንዘቡን ከባንክ ያወጣል። ስለዚህ የመሐንዲሱ ፊርማ ለተቋራጩ ገንዘብ፣ ለማኅበሩ ዋስትና ነው። መሐንዲሱን የሚከፍለው ማኅበሩ ሲሆን ክፍያውም በውል የተቆረጠ ወርሃዊ ገንዘብ ነው፤ የክፍያ ሰርተፍኬቱ ቢበዛም ቢያንስም እርሱ የሚያገኘው አይለወጥም።

እዚህ ላይ ጠለቅ ብሎ መታየት ያለበት ነገር አለ። የዚህ ባለሙያ ሥራ ለደንበኛው ዐይን አይታይም። ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ (በኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት) በባለ 14 ቢተካ ልዩነቱን በዐይኑ የሚለይ የማኅበር አባል ብዙ አይገኝም፤ የብረቱ የመስቀለኛ ስፋት ግን ከ201 ወደ 154 ካሬ ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ኮለኑ (ምሰሶው) ሊሸከምበት ከታሰበው ብረት ሩብ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጎደለ ማለት ነው። በየ15 ሳንቲ ሜትር መታሰር ያለበት ስታፋ፣ ማለትም ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት ብረት፣ በየ25 ቢታሰርም፣ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ያለ መለኪያ መሣሪያ ይህን የሚያውቁት ያሰረው ፌሮ ሠራተኛና ያየው ተቆጣጣሪ ብቻ ናቸው። የኮንክሪቱ ናሙና ኩብ በ7 እና በ28 ቀን ተሰብሮ ሲፈተን የኮንክሪቱን ጥንካሬ ይናገራል እንጂ ውስጡ ስላለው ብረት የሚናገረው የለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እንዲህ ያለ ሕንፃ በተመዘገበ ባለሙያ እንዲሠራ ያስገደደውም በዚህ ምክንያት ነው። ደንበኛው ሥራውን አይቶ መመዘን ሲያቅተው ሰውየውን መመዘን ይጀምራል፤ በሰውየው ላይ ከሚታዩት ነገሮች ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ሳይቱ የሚገባው መኪናው ነው።

ከዲኤክስ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና

መሐንዲሱ ሥራውን ሲጀምር የሚነዳው በተለምዶ ዲኤክስ የምትባለውን አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነበር። ጡረታ የወጡት መምህር፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ በቅጥሩ ጊዜ የተጠቀሙበትን አነጋገር ሳይደብቁ ነግረውኛል፤ «ሰውየው እንደኛው ነው፣ ኑሮን ያውቀዋል» ብለው ነበር ለኮሚቴው ያስረዱት። በመርካቶ አነስተኛ ሱቅ ያላቸው ገንዘብ ያዥ መሐንዲሱን «ልጄ» እያሉ ይጠሩት፣ ከቤታቸው ቋጥረው የመጡትንም ያቀርቡለት ነበር።

ይሁን እንጂ አሮጌ መኪና ጥቅም ብቻ ነበረው ብሎ መጻፍ እውነቱን ማጉደል ይሆናል። የተቋራጩ ሰዎች መሐንዲሱን አቅልለው ያዩት ነበር። ሁለት ኮለኖች አቋማቸው ስለተዛባ እንዲፈርሱ በጽሑፍ ያዘዘውን ትእዛዝ ፎርማኑ ለብዙ ቀናት ችላ ብሎታል፤ ተቋራጩ ራሱ በላንድ ክሩዘር መጥቶ ሲያበቃ መሐንዲሱን በቢሮው በር ላይ አስቁሞ ያነጋግረው እንደነበር የሳይት ዘበኛው አጫውቶኛል። ውጭ አገር የሚኖር አንድ የማኅበሩ አባልም በኢንተርኔት በተደረገ ስብሰባ ላይ፣ መሐንዲሱ በሙያው የበቃ ከሆነ ለምን እስካሁን እንዲህ ያለ መኪና ይነዳል ሲል በይፋ ጠይቋል። ያች መኪና ለአንዱ ታማኝነትን፣ ለሌላው አቅመ ቢስነትን ትናገር ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ከዶላር አንጻር በፍጥነት ወረደ፤ ከውጭ የሚገባው የግንባታ ዕቃ ዋጋም አብሮ ተነሣ። ተቋራጩ የዋጋ ማስተካከያ እንዲደረግለት ጠየቀ። መሐንዲሱ ጥያቄውን መርምሮ የፌሮው ዋጋ እንዲስተካከል፣ የአሸዋ፣ የድንጋይና የጉልበት ሥራው ግን በቀድሞው ውል እንዲቀጥል ለኮሚቴው ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በሙያ ሲታይ ሚዛናዊ ነበር፤ ለአባላቱ ግን ተጨማሪ መዋጮ ማለት ነበር። በ2017 መጀመሪያ ወራት፣ የመዋጮው ደብዳቤ በየቤቱ በደረሰበት በዚያው ሰሞን፣ መሐንዲሱ ሰሌዳው ገና አዲስ የሆነ፣ ሰፊ ስክሪን ያለው የቢዋይዲ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ የሦስተኛውን ፎቅ ሶሌታ (የወለሉን ኮንክሪት) ሊያይ መጣ።

የተነገረውና ያልተነገረው

በዚያን ቀን ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ለከርሞ ደግሞ ከዚህ የበለጠ» ተባለ። ገንዘብ ያዧ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «ኢንጂነር» ብለው በ«እርስዎ» ይጠሩት ጀመር። እርሳቸው አክብሮት ነው ይላሉ፤ መሐንዲሱ ደግሞ የተገፋበት ቀን ያ እንደሆነ ይናገራል። እኔ የእርሱን ስሜት እጋራለሁ፤ በልጅነት የተቀበሉትን ሰው በድንገት ማክበር አንዳንድ ጊዜ ከቤት ማስወጣት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወሬው በአባላቱ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ቅርጽ ይዞ ወጣ። የመዋጮው ገንዘብ ጎማ አውጥቶ እየሄደ ነው ያለም ነበር። አንድ ወጣት አባል ሰርተፍኬቶቹ በሙሉ እንደገና እንዲታዩ ጠየቀ፤ ሌላው ሥራው እስኪጣራ ክፍያ እንዲቆም ሐሳብ አቀረበ፤ ክፍያው ሲቆም ተቋራጩ ሠራተኞቹን ወደ ሌላ ሳይት ወሰደ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት በየአፉ ባለበት አገር፣ ፊርማው ገንዘብ የሚያስወጣ ሰው በድንገት ሲለወጥ ሌላ ማብራሪያ የሚፈልግ ጥቂት ነው። ይህን የምለው አባላቱን ለመውቀስ አይደለም። ባለሙያና ተቋራጭ ተመሳጥረው ቤት ሠሪውን የጎዱባቸውን አጋጣሚዎች ከዘመድም ከጎረቤትም ሰምተዋል፤ ጥርጣሬያቸው ከየትም የመጣ አልነበረም።

በተቃራኒው ወገን የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ዘበኛው በሩን ከሩቅ አይቶ ይከፍት ጀመር። ፎርማኑ የመሐንዲሱን ትእዛዝ በዚያው ቀን ይፈጽማል። ተቋራጩ ከቢሮው ወጥቶ ይቀበለዋል፣ ወንበርም ያቀርብለታል። ስለዚህ መኪናው በአንድ ሳይት ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ ሰዎች ዘንድ ሁለት ተቃራኒ ነገር ሠርቷል፦ ተቆጣጣሪው በሚቆጣጠረው ሰው ዘንድ እንዲፈራ፣ በሚያገለግለው ሰው ዘንድ እንዲጠረጠር አድርጓል። የሚገርመው የመጀመሪያው ውጤት አባላቱን የሚጠቅም መሆኑ ነው፤ የሚታዘዝለት ተቆጣጣሪ ያለው ማኅበር የተሻለ ሕንፃ ያገኛል። ይህን ግን ከአባላቱ አንዳቸውም ልብ አላሉትም ነበር።

ሰነዱና ልኬቱ ምን አሳዩ

እስከዚያ ድረስ የተፈረሙትን ሰርተፍኬቶች በሙሉ ከልኬት መዝገቡ ጋር አመሳክሬ፣ መለካት የሚቻለውን ሁሉ ሳይት ላይ እንደገና ለካሁ። የቢሞቹን (የአግዳሚ ተሸካሚዎቹን) እና የኮለኖቹን ብረት፣ ኮንክሪት ውስጥ ያለን ብረት ከውጭ ሆኖ በሚለይ የሽፋን መለኪያ መሣሪያ፣ በመረጥኳቸው ቦታዎች አየሁ። የኩብ ፈተና ውጤቶቹን ከላቦራቶሪው መዝገብ ጋር አነጻጸርኩ። በአንድ ሰርተፍኬት ላይ የብሎኬት ግድግዳ ልኬት የመስኮቶቹ ስፋት ሳይቀነስለት ተመዝግቦ አግኝቻለሁ፤ መሐንዲሱ ግን መኪናውን ከመግዛቱ ብዙ አስቀድሞ በቀጣዩ ሰርተፍኬት ላይ ራሱ አርሞ ከተቋራጩ ክፍያ ቀንሶታል። ከዚህ ውጭ የተጋነነ መጠን፣ የተቀየረ ብረት ወይም የጎደለ ስታፋ አላገኘሁም።

የመኪናው ገንዘብ ምንጭ የእኔ ምርመራ አካል አልነበረም። መሐንዲሱ ግን በገዛ ፈቃዱ ሰነዶቹን አሳየኝ፦ የዲኤክሷ ሽያጭ ውል፣ የደረሰው ዕቁብ፣ የባንክ ብድርና ለአንድ ፋብሪካ ማስፋፊያ የሠራው የዲዛይን ክፍያ። ዲኤክሷ የተሸጠችው ከዓመታት በፊት ከገዛበት ዋጋ በላይ ነው፤ በአዲስ አበባ ይህ አያስደንቅም፤ መኪና ለእኛ ገንዘብ የምናስቀምጥበት ቦታ ጭምር ነውና።

አባላቱን አንድ በአንድ ሳነጋግር የአዲሱን መኪና ዋጋ እንዲገምቱ ጠይቄያቸው ነበር። አብዛኞቹ ከሽያጭ ውሉ እጅግ የራቀ ግምት ሰጡ። የስሕተቱ ምንጭ ግልጽ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ ከሚጣለው ተጨማሪ ግብር) ነፃ አድርጎ ነበር፤ በነዳጅ በሚሠሩት ላይ ግን የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በተለይ ያገለገሉትን አጥብቆ የሚቀጣ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህ ምክንያት የሚያብረቀርቀውና አዲሱ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ብዙ ዓመት ካገለገለው የተቋራጩ ላንድ ክሩዘር በእጅጉ የረከሰ ነበር። ሰው መኪናን የሚያነበው በለመደው የዋጋ ተዋረድ ነው፤ ተዋረዱ በግብርና በምንዛሪ ከተገለባበጠ ቆይቷል፤ ዐይን ግን ገና አልተከተለውም።

መኪናው ምን ይናገራል

መኪና በሰው አመለካከት ላይ ተጽእኖ እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 አንቶኒ ዱብና አላን ግሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ አድርገው ባሳተሙት ጥናት፣ አረንጓዴ መብራት ከበራ በኋላ ሳይንቀሳቀስ የቆመው መኪና ርካሽ ሲሆን ከኋላው ካሉት አሽከርካሪዎች 84 በመቶው፣ ውድ ሲሆን ደግሞ 50 በመቶው ክላክስ ነፍተዋል። በጥናቱ ውስጥ ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ክፍል ነው፤ ወንድ ተማሪዎች ምን እንደሚያደርጉ በጽሑፍ ሲጠየቁ ለውድ መኪናው ፈጥነው እንደሚነፉ ነበር የመለሱት። ሰው መኪና ምን እንደሚያደርገው ራሱን አያውቅም። ገንዘብ ያዧም ሰብሳቢውም «መኪናው አይደለም ያሳሰበን፣ መዋጮው ነው» ሲሉኝ እየዋሹ አልነበረም፤ ሆኖም መዋጮው የተጠየቀው መኪናው ከመምጣቱ በፊት ነበር፣ ያን ጊዜ ማንም ሰርተፍኬት ይታይ አላለም።

ሱዛን ፊስክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ሥራ ደግሞ ሰዎች ሌላውን የሚመዝኑባቸውን ሁለት ነገሮች ይለያል፦ ችሎታውንና ለእኛ ያለውን በጎ ፈቃድ። በዚያ ጥናት ሀብታሞች በችሎታ ከፍ፣ በበጎ ፈቃድ ግን ዝቅ ተደርገው ተገምተዋል። በቱሉ ዲምቱ ሳይት የሆነውን ይህ በከፊል ይገልጸዋል፤ ተቋራጩ የሚያስበው ስለ መሐንዲሱ ችሎታና አቅም ስለሆነ አከበረው፤ አባላቱ የሚያሳስባቸው ለማን እንደቆመ ስለሆነ ሸሹት።

እኔ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፌ እሄዳለሁ። ባለሙያዎች ስለዚህ ነገር ሲከራከሩ፣ አንዱ «ጥሩ መኪና ያዝ፣ ትከበራለህ» ይላል፤ ሌላው «ደንበኛ ፊት ዝቅ በል» ይላል። ሁለቱም ክርክሩን በመኪናው ዋጋ ላይ ያቆሙታል። በእኔ እምነት ወሳኙ የመኪናው ውድነት ሳይሆን ደንበኛው የባለሙያውን ገንዘብ ምንጭ ማየት መቻሉ ነው። የጥርስ ሐኪም ውድ መኪና ቢነዳ ታካሚው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ የከፈለው እርሱ ራሱ ነው፤ ቢበዛ «አስወድዶብኛል» ይላል። በሁለት ወገን መካከል ቆሞ ለአንዱ ገንዘብ የሚያስፈቅድ ባለሙያ፣ ማለትም ተቆጣጣሪ መሐንዲስ፣ ኦዲተር፣ የንብረት ገማች፣ የሽምግልና ዳኛ፣ መኪና ሲቀይር ግን ደንበኛው የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ማን ገዛለት? ለዚህ ጥያቄ መልስ ካላገኘ ደንበኛው በራሱ መልስ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም በሚፈራው ነገር ነው።

ይህን አመለካከት ያጸናልኝ በቃለ ምልልሱ መካከል የሰማሁት አንድ ነገር ነው። ዲኤክሷ ብዙ ጊዜ ትበላሽ ስለነበር፣ መሐንዲሱ ቀደም ባሉት ወራት በተቋራጩ ፒካፕ እየተሳፈረ ወደ ሳይት ይመጣና ይመለስ ነበር። አንዳንዴም ምሳውን ከተቋራጩ ጋር በመንገድ ላይ ይበላ ነበር። ይህ በሙያ ሥነ ምግባር ዓይን ከየትኛውም አዲስ መኪና ይልቅ የሚያሳስብ ነው፤ ተቆጣጣሪ በሚቆጣጠረው ሰው ትራንስፖርት ላይ ጥገኛ ሲሆን ፍርዱ ሳይታወቀው ሊለዝብ ይችላል። አባላቱ ከፒካፑ ሲወርድ በዐይናቸው ያዩት ነበር፤ አንድም ሰው አልተጠራጠረም። በትሕትና የተጠጋው አደጋ አልፎ፣ ከተቋራጩ ጥገኝነት ያላቀቀው መኪና ወንጀል ሆነበት።

የተወሰደው እርምጃ

መሐንዲሱ መጀመሪያ ያሰበው መኪናውን ሩቅ አቁሞ በባጃጅ ወደ ሳይት መምጣት ነበር። ሰብሳቢው ይህን ሲሰሙ አጥብቀው ተቃወሙ፤ «ልጄ፣ የተደበቀ ነገር የተሰረቀ ይመስላል» አሉት። እኔም ከእርሳቸው ጋር ተስማማሁ። መኪናውን መሸጥ ደግሞ ላልተፈጸመ ጥፋት ቅጣት መቀበል ስለሚሆን ተቀባይነት አላገኘም።

በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የምርመራዬን ውጤት አቀረብኩ፤ መሐንዲሱም የመኪናውን ገንዘብ ምንጭ በአጭሩ ተናገረ። አንዳንዶች ተረጋጉ፤ ብዙዎች ግን ዝም አሉ፤ የግል ሰነድ ማሳየት ጥርጣሬን ያበርዳል እንጂ ለቀጣዩ ሰርተፍኬት ዋስትና አይሆንም። ነገሩን በእውነት የለወጠው ከዚያ በኋላ የተቀየረው አሠራር ነው። ከእያንዳንዱ የኮንክሪት ሙሌት በፊት ሁለት የኮሚቴ አባላት ሳይት ላይ ተገኝተው የፌሮውን ውፍረትና የስታፋውን ርቀት በሜትርና በካሊፐር እንዲለኩ ተደረገ፤ መሐንዲሱ ራሱ አስተማራቸው። ፎቶግራፉና የልኬት ወረቀቱ በዚያው ቀን ለአባላቱ ይላካል። የኩብ ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ የሚወስደው የተቋራጩ ሰው መሆኑ ቀርቶ የማኅበሩ ተወካይ ሆነ። ሰርተፍኬቱ ከነስሌቱ ክፍያው ከመፈጸሙ አስቀድሞ ለማንኛውም አባል ክፍት ነው።

ከሁሉ ደስ ያሰኘኝ ገንዘብ ያዧ ካሊፐር ይዘው ሲለኩ ማየቴ ነው። ዕድሜያቸውን በሱቅ ሚዛን የኖሩ ሴት ስለሆኑ የባለ 14 እና የባለ 16 ፌሮን ልዩነት ለመያዝ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ በአንድ ቢም ላይ አንድ የተሳሳተ ብረት አግኝተው ከሙሌቱ በፊት አስቀይረዋል።

ሁሉም አልተመለሰም። ክፍያ ይቁም ብሎ የነበረው አባል ድርሻውን ለሌላ ሰው አስተላልፎ ከማኅበሩ ወጥቷል፤ አሁንም ምርመራው በቂ አልነበረም ይላል። ተቋራጩ በበኩሉ የሁለቱ የኮሚቴ አባላት ቆጠራ ሙሌቱን ያዘገይብኛል ብሎ በጽሑፍ ቅሬታ አቅርቦ፣ ኮሚቴው ልኬቱ ከሙሌቱ አንድ ቀን አስቀድሞ እንዲጠናቀቅ በመወሰን መልሶለታል። የመሐንዲሱ ውል ሲታደስም ሁለት ነጥቦች ተጨምረዋል፤ በግንባታው ዘመን ከተቋራጩ የትራንስፖርትም ሆነ የምግብ አገልግሎት እንዳይቀበል፣ መኪናው በተበላሸ ቀን ደግሞ ማኅበሩ የታክሲውን ወጪ በደረሰኝ እንዲሸፍን።